ጉም የዋጠው ቁጥር አሥራ አራት

ጎንደር፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ሚስት፣ ለእህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ሽማግሌና አሮጊት ስታነሺ ስታጋድሚ መዋሉ ወገብሽን አልጎዳውም? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና አለን። ክረምቱ ገብቶ ከተማው ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ ከፒያሳ ቤቴ እስክደርስ ሁለት ጊዜ ካልተንሸራተትኩ ሥራ የዋልኩም አይመስለኝ። እማዬም ደህና ናት፤ የረገፈው ጥርሷ እንጂ ምላሷ አይደለም።

በወረቀት መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። በስልክ የማይባል ነገር ስላለኝ ነው።

እኔ መቼም አገራችሁን ያየሁት በኮምፒውተር ነው። በምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ደንበኛ ሲጠፋ ጎዳናውን በፎቶ የሚያሳየውን ካርታ እከፍትና ሃኖቨር ከተማ ዳር ያለው ሰፈራችሁ ውስጥ እንሸራሸራለሁ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ተነስቼ፣ እኩል የተከረከመውን አጥር ታክኬ፣ በየደጁ የተደረደሩትን የቆሻሻ በርሜሎች እያለፍኩ እሄዳለሁ። መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው፤ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው የለም። ወንድሜ አለበል «እዚህ ውሻው ሳይቀር ሰዓት ጠብቆ ነው የሚጮኸው» እያለ ያስቀኝ ነበር። አሁን አሁን ያ ጎዳና በሕልሜ ይመጣል፤ በር አንኳኳለሁ፣ የሚከፍት የለም።

ቁጥር አሥራ ሁለት ፍንትው ብሎ ይታያል። አሥራ ስድስትም እንደዚሁ። የእናንተ ቤት፣ አሥራ አራት፣ ግን ከጣሪያው እስከ ደጃፉ ጉም ውጦታል። ነዋሪው ሲጠይቅ የካርታው ሰዎች ቤቱን እንደሚያደበዝዙት አውቃለሁ፤ እዚያ የተለመደ ነው አሉ። ዓምና ግን ይታይ ነበር። አለበል ራሱ ብስክሌቱን ይዞ ደጁ ላይ ቆሟል፤ ፊቱን ቢያደበዝዙትም ያንን የተንጋደደ ትከሻውን አላጣውም። አሁን ቤቱም እሱም የሉም። ማን አስሸፈነው ብዬ ብጽፍለት በስልኩ «ሰው እንዳያየን ብለን ነው» የሚል መልስ መጣ። ሠርግ ቤት መሐል ገብቶ ካልጨፈረ እንቅልፍ የማይወስደው ሰውዬ?

ለእማዬም አሳየኋት። ምነው ይሄን ብቻ ጉም ዋጠው አለችኝ። እንደገባኝ አስረዳኋት።

ከኅዳር ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። መጀመሪያ ጉሮሮው ታመመ ተባለ፣ ቀጥሎ የስልኩ ድምፅ ተበላሸ፣ ከዚያ ሥራ በዛበት። ጽሑፉ ግን አንድ ቀን አይቀርም። ማለዳ ስነቃ በስሙ ጎን አረንጓዴዋ መብራት በርታ አያለሁ። አልዋሽሽም፣ አንድ ነገር ደብቀሽናል ብዬ ተናድጄብሽ ነበር። ደውዬ ልጮኽብሽ ስንት ጊዜ ስልኩን አንስቼ አስቀምጫለሁ።

ታዲያ በሰኔ ሚካኤል ሰሞን ለቄሱ የምንሰጠውን የስም ወረቀት ዝናብ አበሰበሰውና አዲስ ልጽፍ ተቀመጥኩ። በአንድ በኩል በሕይወት ያለነው፣ በሌላው በኩል በጸሎት የሚታሰቡት ሙታን ናቸው። እማዬ የክርስትና ስማችንን በቃሏ ትጠራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ከሕያዋኑ የእኔን ጠራች፣ ያንቺን ጠራች፣ የወንድሜን ዘለለችው። ረስታው ነው ብዬ አለፍኩት። ሙታኑ ጋ ስንደርስ አባቷን ጠራች፣ አባታችንን ጠራች፣ ቀጥላ «ገብረ ኪዳን» አለች። እጄ ቆመ። ገብረ ኪዳን የአለበል የክርስትና ስም ነው።

«ጻፊ» አለችኝ።

ማን ነገረሽ አልኳት። ማንም አልነገራትም። ፎቶውን ካሳየኋት ቀን ጀምሮ ታውቃለች፤ ሰው ያለበትን ቤት እንዲያ የሚያለብስ የለም አለች። የእኔን ቁጣ አይታ ነው መሰለኝ፣ «ምነው በሷ ትቆጫለሽ? ብቻዋን እኮ ናት። እዚያ ብትናገረው ማን ደግፏት ታለቅሳለች? ትምጣና እኔ ጉያ ውስጥ ትናገረው» አለችኝ። በራሴ አፈርኩ። ሰባት ወር ሙሉ በዚያ ጭር ባለ ሰፈር እንባሽን ለጎረቤት እንዳይሰማ ስትውጪ ታየሽኝ። ስሙንም ጻፍኩት።

ስለዚህ ነይ። ምክንያት አታብዢ፣ ስጦታም አትሸከሚ። አውሮፕላኑ ቀን ስለሚደርስ ጎረቤታችን እትዬ ታየች ዘንድ ታድሪያለሽ፤ ተነጋግረናል። እኛ ቤት ጎህ ሲቀድ ነይ። ዘመድ ተሰብስቦ ይጠብቅሻል። ቃል ቢያጥርሽ በሩን መግፋትሽ ብቻ ይበቃል።

እስክትመጪ ግን በእሱ ስልክ መጻፉን አታቋርጪብኝ። ሰሎሜ አትበይኝ እንጂ፤ እሱ አንድም ቀን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ቆቅ በይኝ።

የቁስቋሟ እመቤት መንገድሽን ታቅናልሽ። እማዬም ጉልበትሽን ያጽናው ብላሻለች።

የባልሽ እህት