የንግሥቲቱ ግማሽ ቃል

ውድ እናቴ፣ አዮ ሲንቄ፣

ካቺሲ ከተማ፣ እህትሽ ዱረቲ ቤት ከገባሽ ሦስተኛ ሳምንትሽ ነው። ስደውል የምታነሣው ዱረቲ ናት፤ «ደህና ናት፣ ትበላለች፣ ስምህን ግን አታነሣም» ትለኛለች። ስለዚህ ጻፍኩ። ዱረቲ፣ ስታነቢላት የሚያሳፍረኝን ቦታ እንዳታልፊው።

ክሱን ራሴ ላንብብ። እኔ ልጅሽ ፈየራ፣ አምቦ ተቀምጬ፣ ባለ ግንብ፣ ባለ ጦረኛ፣ ወንጪን በመሰለ ሐይቅ ውስጥ ዘንዶ የሚተኛበት ልብ ወለድ ጻፍኩ። ጀግናው የንጉሡ ዲቃላ ነው፤ ሲቆጣ ከጣቱ እሳት ይወጣል። (እኔ ክብሪት እንኳ ስጭር ሦስቴ እንደሚጠፋብኝ ታውቂያለሽ።) እንዲህ ያለ ታሪክ ያለ ክፉ እንጀራ እናት አይሆንም ብዬ ንግሥት ጨመርኩበት። ልጁ ደጇ ሲቆም «ዲቃላ አላሳድግም!» ትላለች፤ በሩ ይዘጋል፤ ምዕራፉ ያልቃል። አንድ ባለ ባጃጅ «ከሷስ ዘንዶው ይሻላል» አለኝ። ኮራሁ።

እህቴ ጋዲሴ መጽሐፉን እያነበበችልሽ እዚያ ስትደርስ ምስር መልቀምሽን አቆምሽ አሉ።

«ቀሪውስ?»

«ምዕራፉ አለቀ እኮ፣ አዮ።»

«ምዕራፉን ማን ጠየቀሽ? ቃሌን ነው።»

በማግስቱ የካቺሲን አውቶቡስ ተሳፈርሽ።

ቀሪውን አውቀዋለሁ። የወለደችኝ በሞተች በወሩ፣ በአራት ዓመቴ፣ ሽማግሌዎች እጄን ይዘው ደጅሽ አቆሙኝ። የጥፋቱ ባለቤት አባቴ ዲንሳ የጫማውን ክር ያጠናል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ኦቦ ጀቤሳ፣ ስለ ይቅርታ ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ አቋረጥሻቸው።

«ዲቃላ አላሳድግም!»

በእኔ መጽሐፍ በሩ የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው።

«ልጅ ነው የማሳድገው። ጉዲፈቻ ይሁን፣ በወጉ። ቅቤ አምጡ!»

«ባልሽ የወለደውን በጉዲፈቻ?» ብሎ አንዱ ሳቀ።

«ባሌማ ወልዶታል። እኔ ገና መውለዴ ነው።»

ሽማግሌዎቹ መረቁ። ቅቤውን አናቴ ላይ ስታደርጊው ቀልጦ በጆሮዬ ሥር ወረደ፤ ሙቀቱ እስከ ዛሬ አለ። ከዚያ ቀን ወዲያ ያንን ቃል በግቢሽ ውስጥ የደገመ የለም፤ ሰሃኑም አለንጋውም ለእኔና ለጋዲሴ እኩል ነበር። ቃሉን መልሶ ያስገባው የአዮ ልጅ፣ ደራሲው ነው።

ግማሹን የቆረጥኩት ረስቼው አይደለም፤ ግማሹ ስለጣፈጠኝ ነው። አስማት ፍለጋ ዘንዶ ድረስ ሄድኩ፤ አስማቱ ግን አንድ ጭብጥ ቅቤ ነበር። ይቅር በዪኝ።

በሁለተኛው እትም ንግሥቲቱ ንግግሯን ትጨርሳለች። አሳታሚው «ያለ ክፉ ንግሥት ታሪኩ ይፈርሳል» ብሎ ጮኸ። ይፍረስ። ክፋቱን ዘንዶው ይሸከመው፤ የሚቀየም ዘመድ የለውም። ሽፋኑም ላይ «ፈየራ ሲንቄ» ይባል ብያለሁ።

«በእናትህ ስም ከተጠራህ እኮ ሰው ዲቃላ ነው ይልሃል!» አለኝ።

«ይበል፤ ግማሹን ነው የሚያውቀው» አልኩት።

ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ፤ ቅቤ ይዤ። በሩን ብትዘጊውም ግድ የለም፣ ደጅሽ ላይ መቆም እችልበታለሁ። አንቺ የጀመርሽውን ቃል እስክትጨርሺ እጠብቃለሁ።

ገና የወለድሽኝ፣
ፈየራ ሲንቄ