የምንመርጠው እኛ መስሎን

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 14

ዝናብ። የቁጥር አራት ሕንፃ ሊፍት ዛሬም ቆመና ለጥገና ጠሩኝ። ውስጡ አንዲት አሮጊትና ውሻዋ ነበሩ። በሩን ስከፍት ውሻው ሱሪዬን ቀደደው። "ደንግጦ ነው፣ አይቀየሙት" አለችኝ። እኔስ አልደነገጥኩም?

ማታ የባሮ ሽንኩርት ሾርባ። ባለቤቴ ቤራንዤር ዳቦ እየቆረሰች፣ "የሊዞን ነገር እኮ ደረሰ" አለች። "ለሚመጣው ዓመት የሰፈሩ መካከለኛ ትምህርት ቤት ነው የሚደርሳት። ደስ ሲል፣ በእግሯ ትሄዳለች።" ያለቀ ነገር ያህል ነው የተናገረችው።

ሾርባዬን ጠጣሁ።

ልጃችን ሊዞን ዳቦ አቀብሉኝ ልትል ፈለገች። "ዳ… ዳ… ዳ…" ተወችውና ራሷ ተነስታ አነሳች። እንደ ልማዷ። አሥራ አንድ ዓመቷን ልትይዝ ነው። ሲደክማትና ሰው ሲያያት ይብስባታል መንተባተቡ።

እዚያ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ደግሞ የማያያት የለም…

እሑድ፣ ጃንዋሪ 19

ሙሉ ሰፈሩ ኮረብታው ላይ ለሽርሽር የወጣ ይመስል ነበር። ሊዞን ከኩምባ ጋር ቀድማ ትሮጣለች። ኩምባ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን የቴኔ ልጅ ናት፤ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አንድ ነፍስ ናቸው። እንደማይሰሙን ሳውቅ አወጣሁት።

"እዚያ እንድትገባ አልፈልግም።"

ቤራንዤር ቆመች። "የት? አንተ የተማርክበት?"

"እኮ! ስለተማርኩበት ነዋ።"

አራት ዓመት ሙሉ ሽንት ቤት ሳልገባ ቤት እስክደርስ ሽንቴን እይዝ እንደነበር ነገርኳት። ጃኬቴን ሁለት ጊዜ እንደገፈፉኝ ነገርኳት። አንድ የሚንተባተብ ልጅ እንደነበረም። ስሙ ጠፍቶብኛል። ያወጡለት ስም ግን እስከ ዛሬ አልጠፋብኝም።

"ያ ድሮ ነው፣ ሉዶ።"

"አንቺ ይሄን ሰፈር የምትወጂው እንደ አገር ጎብኚ ነው።"

ይሄን ባልል ጥሩ ነበር። ፊቷ ተለወጠ። "እኔ የተማርኩት ሁሉም እኔን የሚመስሉበት ቦታ ነው" አለች። "ከእኔ የተለየ ሰው ያወቅኩት ፋርማሲ ገብቼ መድኃኒት ስሸጥለት ነው። ልጄ እንደዚያ እንድታድግ አልፈልግም።"

"ልጅሽ የአንቺ ካሳ አይደለችም።"

"ያንተስ ፍርሃት ማስታገሻ ናት?"

ተመልሰን ስንወርድ ሁለታችንም ስለ ጭቃው ብቻ አወራን።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 30

ቴኔ ደረጃው ላይ ያዘችኝ። ምንም ሳትል የአስቤዛ ቦርሳዋን አሸከመችኝ። የእኛ ሕንፃ ሊፍት አይሠራም፤ የሊፍት ጠጋኝ ቤት…

"ስማ፣ ልጆቹን አንድ ክፍል እንዲያደርጓቸው የሰፈሩ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ተናገሩ። እናንተ ስትናገሩ ይሰሟችኋል። እኔ ስናገር ከየት ነሽ ነው የሚሉኝ።"

"እናያለን" አልኩ።

"እናያለን?" ከት ብላ ሳቀች። "የሦስተኛ ፎቆቹም እናያለን ሲሉ ከርመው ልጃቸውን የሲስተሮቹ የግል ትምህርት ቤት ከተቱት። ዳቦ ጋጋሪውም እናያለን ሲል ነበር። እናንተም ልትሸሹ ነው እንዴ?"

"ኧረ በፍጹም!"

ለምን በፍጹም አልኩ?

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 5

ሲስተሮቹ ጋ፣ የካቶሊክ መነኮሳት የከፈቱት ትምህርት ቤት፣ ደወልኩ። ለሚመጣው ረቡዕ ከሰዓት ቀጠሩኝ። ቤራንዤር ያን ሰዓት ሥራ ላይ ናት።

ሊዞንን "ለማየት ብቻ ነው" አልኳት።

"እማማ ታ-ታውቃለች?"

"እነግራታለሁ።"

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 12

አልነገርኳትም።

ግድግዳው ላይ መስቀል አለ እንጂ ሲስተር የሚባል ሰው አላየሁም። ድሮ ቀርቷል መሰለኝ፤ ስሙ ብቻ ነው ያለው። ግቢው ጸጥ ያለ ነው። ዛፎች። ልጆቹ በሩን ይዘው "ይለፉ ጌታዬ" ይላሉ። እውነቱን ልጻፍ፣ ወደድኩት። ይሄ ነው አልኩ በሆዴ።

ርዕሰ መምህሯ ማዳም ሻስኔ ትባላለች። ድምፅዋ እንደ ቅቤ። እኔን አንድ ሁለት ነገር ጠይቃ ወደ ሊዞን ዞረች።

"እስቲ ሊዞን፣ በጣም የምትወጂው ነገር ምንድን ነው?"

"እኔ… እ… እ…" የአንገቷ ሥር ተገተረ። ዓይኗን ጨፈነች። የግድግዳው ሰዓት ሲቆጥር ይሰማል። "እ… እ…"

አልቻልኩም። "እንስሳት!" አልኩ። "እንስሳት ነፍሷ ነው። በተለይ ፈረስ።" ፈረሱን ከየት አመጣሁት?

ማዳም ሻስኔ ፈገግ አለች። "የጠየቅኩት እሷን ነበር፣ ጌታዬ።"

መኪና ውስጥ ሊዞን በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። "ፈ-ፈረስ አልወድም።"

"አውቃለሁ። ምን ልትዪ ነበር?"

"ተወው።"

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 21

ደወሉልኝ። ጣሪያ ላይ የሊፍቱ ሞተር ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ እጄ ግሪስ በግሪስ።

ማዳም ሻስኔ ራሷ ናት። ልጄ ደስ የምትል ልጅ ናት አለች። ግን ክፍሎቻቸው ሞልተዋል፣ ትምህርቱም ፈጣን ነው፣ በቃል የሚቀርብ ብዙ ነገር አለ፣ ለእሷ የሚሆን ድጋፍ ደግሞ የላቸውም። "እኛ ጋ ብትመጣ የምትጎዳው እሷው ናት። ይረዱኛል ብዬ አስባለሁ።"

"አመሰግናለሁ" አልኩ። ደግሜ "በጣም አመሰግናለሁ" አልኩ። ለምኑ?

ስንት ሳምንት ሙሉ ከቤራንዤር ጋር የቱን እንምረጥ ስንባባል… የምንመርጠው እኛ መስሎን።

ለቤራንዤር ምን ብዬ እነግራታለሁ? ለሊዞንስ? ቦታ የለም ብዬ ልለፈው። ወይም ምንም አልልም።

ዓርብ፣ ማርች 7

ሁሉም ነገር ዛሬ ፈነዳ።

ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ትምህርት ቤት በር ላይ ልጆች ተደባደቡ። አንዱን ልጅ ጭንቅላቱን ፈንክተውት በአምቡላንስ ተወሰደ። ጓደኞቹ እየሮጡ ቤራንዤር ፋርማሲ ነው የገቡት፣ ፋሻ ፍለጋ። አንደኛው እጁ በሰው ደም ርሶ ያለቅሳል አለችኝ። "ሕፃን እኮ ነው ሉዶ። ጢም እንኳ አላበቀለም።"

ራት ላይ አልበላችም። ምስሩን በሹካ ወዲያ ወዲህ ትገፋዋለች። በኋላ ቀስ ብላ፣ "አንተ ሳትሆን እኔ ነኝ የተሳሳትኩት መሰለኝ" አለች። "ሰኞ ሲስተሮቹ ጋ እንደውል።"

አፌን ከፈትኩ። ቃል አልወጣም። ይገርማል፣ እኔም እንደ ሊዞን ሆንኩ።

ሊዞን ሹካዋን አስቀመጠች።

"እ-እነሱ እኮ አ-አልፈለጉኝም።"

"እነማን?" አለች ቤራንዤር።

"ከ-ከአባባ ጋር ሄደን ነበር። አ-አልፈለጉኝም።"

ቤራንዤር እኔን አየች። እኔ ሊዞንን። "እንዴት አወቅሽ?" አልኳት። አልነገርኳትም እኮ!

"በስልክ ለ-ለሰውዬው ስትነግረው ሰማሁ" አለች። የሥራ ባልደረባዬን ማለቷ ነው። ጋራዡ ውስጥ ሆኜ ሁለት ደቂቃ ነው ያወራሁት። "አባባ፣ የ-የሚያቅተኝ መ-መናገር ነው። መስማት አ-አይደለም።"

ተነስታ ክፍሏ ገባች። በሩን እንኳ ድርግም አድርጋ አልዘጋችውም። ድርግም ብታደርገው ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ማርች 9

ቤራንዤር የተቆጣችው በመደበቄ ይመስለኝ ነበር። አይደለም።

"ልጄ ሁለት ሳምንት ያን ነገር ብቻዋን ተሸክማ ዞረች" አለች። "ለምን እንዳልነገረችኝ ታውቃለህ? አንተን ከእኔ ልታድንህ። ጠየቅኳት፣ እሱ ነው ያለችኝ።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"ደግሞ ምን ልትል እንደነበር ነገረችኝ። ያቺ ሴትዮ ስትጠይቃት።"

"ምን?"

"እንቆቅልሽ። እንቆቅልሽ መፍታት ነው የምትወደው። እስክትጨርስ ብትጠብቃት ኖሮ…"

ፈረስ አልኩ እኔ። ፈረስ!

ቅዳሜ፣ ማርች 15

የሰፈሩ ትምህርት ቤት ለወላጆች ክፍት የሆነበት ቀን። ቤራንዤር በግድ ነው የሄደችው። እኔም። ቴኔና ኩምባ አብረውን።

ከጨረስኩ ወዲህ እግሬ ያን በር አልረገጠም። ቀለሙ ሌላ ነው። ሽታው ያው።

የሳይንስ ክፍል ውስጥ አንድ ወጣት መምህር ማግኔት ያሳያል። ሊዞን እጇን አወጣች። እጇን!

"ማ… ማ… ማግኔቱን ለ… ለ…"

ከኋላ ሁለት ወንዶች ሳቁ። አንዱ አፏን አስመስሎ አሳየ። መምህሩ አልተቆጣቸውም፤ አላያቸው ይሁን፣ ንቋቸው ይሁን፣ ወይ ሰልችቶት፣ አላውቅም። ሊዞንን ብቻ ያያል። አፌን ልከፍት ስል ቤራንዤር እግሬን ረገጠችኝ፤ በተረከዝ።

"…ለሁለት ብንቆርጠውስ?"

"ጥሩ ጥያቄ ነው" አለ። ከመሳቢያው ለሁለት የተሰበረ ማግኔት አውጥቶ ሰጣት። "ሞክሪና አንቺ ንገሪን።"

ኩምባ ግን አልቻለችም። ወደ ልጆቹ ዞራ፣ "ምን ያስገለፍጣችኋል? መስታወት አያችሁ?" አለቻቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ስንወጣ ሊዞን ፊቷ ቀልቷል። "አ-አትመልሺልኝ" አለቻት። "ማ-ማንም አይመልስልኝ።"

ኩምባ ደነገጠች። ቴኔ ልጇን ትቆጣለች ብዬ ነበር። ዛሬ ሙሉ ቀን ዝም እንዳለች ነው። ምን ሆናለች?

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 2

ክርክሩ ዞሮብን አረፈ። አሁን የምትፈራው ቤራንዤር ናት። እናቷ ዘንድ ሊዮን ከተማ እንሂድ ትላለች፣ ከከተማው ወዲያ ጫፍ ሌላ የግል ትምህርት ቤት አለ ትላለች። እኔ ደግሞ የሰፈሩን እከላከላለሁ፤ ሳላምንበት። የልጁ ደም ትዝ ሲለኝ እተወዋለሁ። ቆይቼ ማዳም ሻስኔ ፈገግ ስትል ትዝ ትለኛለች።

ዛሬ ሊዞን እየተከራከርን ገባች።

"አንቺ ምን ትያለሽ?" አልኳት።

"አ-አሁን ነው የምትጠይቁኝ?"

ሁለታችንም አፈርን።

"የሰፈሩ ይሁን" አለች። ብዙ ጊዜ ፈጀባት፤ እኔ እዚህ ስጽፈው ነው ያጠረው። "እዚያ የሳቁብኝ በግልጽ ነው። ያቺ ሴትዮ ግን ፈገግ እያለች ነው ያስወጣችኝ።"

ቤራንዤር ወደ መስኮቱ ሄደች።

ቅዳሜ፣ ሜይ 24

ቴኔ መጣች። አልቀመጥም አለች።

"ከሌላ ሰው ሳትሰሙ ብዬ ነው። ኩምባን ሲስተሮቹ ጋ አስገባኋት። ተቀብለዋታል። ማመልከት የጀመርኩት ጃንዋሪ ላይ ነው።"

ደረጃው ላይ "ልትሸሹ ነው እንዴ" ስትለኝ… ያኔም?

ቤራንዤር ነጣች። "ሊዞን እኮ ኩምባ አለች ብላ…"

"አውቃለሁ።" ቴኔ ዓይኗን አልሰበረችም። "ስድብ ካላችሁ ስደቡኝ። ግን አንድ ነገር ስሙኝ። የእናንተ ልጅ ብትወድቅ እናንተ ላይ ነው የምትወድቀው። መጽሐፍ አለ፣ አያት አለች፣ ሊዮን አለ። የእኔ ልጅ ብትወድቅ ሲሚንቶው ላይ ነው።"

ልናደድ ፈልጌ ነበር። አቃተኝ። ሊዞንን እንዳልተቀበሏት ቴኔ አታውቅም፤ ልነግራትም አልፈለግኩም። ደስታዋን ለምን አቆሽሽባታለሁ?

"እንኳን ደስ ያላችሁ" አልኳት።

አለቀሰች። እዚያው በራችን ላይ፣ ቆማ።

ሊዞን የሰማችው ከራሷ ከኩምባ ነው። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ሁለቱም ራት አልበሉም።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 1

ገባች። ብቻዋን። "እ-እስከ ማዕዘኑ ብቻ" አለችን፤ ከማዕዘኑ ቆመን አየናት። በሩ ጋ ስትደርስ አንዴ እንኳ አልዞረችም። ቤራንዤር ክንዴን እስኪቀላ ያዘችው።

ትክክል አደረግን? ማን ይጠየቃል?

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 25

ወሩን ሙሉ "እንዴት ዋልሽ?" ስንላት "ደህና" ነው መልሷ። "ደህና" ስትል አትንተባተብም። ለዚያ ይሆን ሁሌ ያቺን ቃል የምትመርጠው?

ዛሬ ራት ላይ ቤራንዤር ጠየቀቻት። ድንች በአይብ፣ ከምድጃ የወጣ፣ ገና የሚጨስ።

"መ…" አለች ሊዞን። "መ… መጥፎ።"

ሹካችን ቆመ።

ነገረችን። ሁሉንም። መተላለፊያው ላይ ስም አውጥተውላታል፤ ስሙንም ራሷ ጠራችልን፣ እዚህ አልጽፈውም። ምሳ ብቻዋን ነው የምትበላው። ሁለት ቀን ሽንት ቤት ገብታ አልቅሳለች። ትናንት አንዲት ልጅ ሳትጠይቃት አጠገቧ ተቀምጣለች፤ ማይሊስ ነው ስሟ፣ ብዙ አታወራም። ዛሬ ያን ስም የጠራውን ልጅ "ይ-ይሄ ስሜ አይደለም" ብላዋለች። እሱም ደገመው። እሷም ደገመችው። ደወሉ ነው የገላገላቸው።

እያንዳንዱ ቃል ላይ ትቆማለች፣ ትታገላለች፣ ታልፋለች። ምን ልትል እንደሆነ ብዙ ጊዜ ቀድሜ አውቄው ነበር። ምላሴን ነክሼ ቁጭ አልኩ። ቤራንዤር እንባዋን በናፕኪን ትጠርጋለች፣ ሊዞን እያየቻት።

ስትጨርስ ቤራንዤር፣ "ነገ ቤት ትቆያለሽ?" አለቻት።

ሊዞን ግራ በመጋባት አየቻት።

"ነ-ነገ ሒሳብ አለ እኮ" አለች።

ድንቹን እንደቀዘቀዘ በላነው።