ስለ ግንባችን፣ ስለ ስምንቱ ወንበርና ስለ ድንገተኛው ሳልዎ

ለተከበሩ አቶ ምናለ
የጥድ ማዶ የወጣቶች ማዕከል ኃላፊ
መካነ ሰላም

ግልባጭ፦ ለማዕከሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ለቴሌግራም ቡድናችን፣ እንዲሁም በዚያ ለሚያልፍና ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ባለቤትዎ ወይዘሮ ሸጋዬ ደኅና ናቸው ወይ? ልጆችዎስ? አዲሱ ካፖርትዎ የኅዳርን ብርድ ቻለልዎ ወይ? ይልቁንም ማክሰኞ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም. በስብሰባው መሐል፣ ያለ ጉንፋን፣ ያለ አቧራ፣ ያለ አንዳች ምልክት ድንገት የያዘዎት ሳል እንዴት ሆነልዎ? እኔ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስለ ሳልዎ ስጸልይ ሰንብቻለሁ፤ ምክትሌ ሀጀራም በበኩሏ ዱዓ ይዛልዎታለች። በሁለቱም በኩል አልተረሱምና አይስጉ።

እኔ የትምወርቅ አሻግሬ ከማዕከሉ በር ፊት ለፊት ባለችው የቆርቆሮ ሱቅ ልብስ እየሰፋሁ የምተዳደር፣ ላለፉት አራት ዓመታት ደግሞ «ሰባት ግንብ» በተባለው የስልክ ጨዋታ የመካነ ሰላምን ቡድን መሥርቼ የምመራ ሴት መሆኔን እርስዎ ያውቃሉ፤ ይህን የምጽፈው ለማያውቁት አንባቢዎች ነው። ጨዋታው እንዲህ ነው፦ የአንድ ከተማ ሰዎች ተሰባስበው በስልካቸው ላይ ግንብ ይገነባሉ፤ እያንዳንዱ ተጫዋች በየቀኑ ድንጋይ ያኖራል፤ በድንጋዩም ላይ ስሙ ይጻፋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የሌላ ከተማ ቡድን ይገጥመናል። በዚያ ሰዓት ከሰባት ያላነሰ ሰው ቆሞ ካልጠበቀው ግንቡ ይፈርሳል፤ የፈረሰ ግንብ ከነስሞቹ ይጠፋል፤ ቢያለቅሱም አይመለስ። ኅዳር 27 ቀን ተራው የኩታበሮች ነው። ኩታበሮች ሃያ ሁለት ናቸው። እኛ በወረቀት ስድስት ነን።

ከስድስት ወር በፊት አርባ ሦስት ነበርን እኮ፣ አቶ ምናለ። ስንመሠረት ከወላጆቻችን ቅሬ በቀር የምናውቀው የማኅበር ደንብ ስላልነበረን (ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው፣ እኛ ዘንድ ግን እስላም ክርስቲያን ሳይል አብሮ የሚቀብረውና አብሮ የሚያስተዛዝነው ማኅበር ነው) የቅሬውን ደንብ እንዳለ ገልብጠን፣ «ለቅሶ» የሚለውን እየሰረዝን «ግጥሚያ» ብለን ጻፍንበትና በጭብጨባ አጸደቅነው። በአንቀጽ 9 መሠረት ሦስት ቀን በተከታታይ ድንጋይ ያላኖረን አባል ሁለት ሰዎች ዳቦ ይዘው ቤቱ ድረስ ሄደው ይጠይቁታል። የሌላ ከተማ ቡድኖች በዓመት ሲበተኑ እኛን አራት ዓመት ያቆየን ይኸው አንቀጽ ነው። ይህን ካስረዳሁ ዘንድ ወደ ቅሬታዎቼ፣ ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዎቼ ልለፍ።

አንደኛ፣ «የቡድኑ ተጠቃሚዎች ከሰባት በታች በመሆናቸው» የተሰጠን ክፍል ከነስምንት ወንበሩ እስከ ዓርብ ኅዳር 26 እንዲለቀቅና የባነር ማስቀመጫ እንዲሆን ስለጻፉልን ደብዳቤ ከልብ አመሰግናለሁ። ማኅተሙ ጥርት ያለ ነው፤ ፊርማዎም ያምራል። በዚህች ከተማ ኔትወርክ ደስ ሲለው ብቅ የሚል እንግዳ ስለሆነ፣ ያለ ማዕከሉ ዋይፋይ ቅዳሜን መግጠም እንደማይታሰብ ከማንም በላይ እርስዎ ያውቃሉ። ታዲያ ከወሩ ሠላሳ ቀናት ውስጥ የግጥሚያችንን ዋዜማ ማን መረጠልዎ? ኧረ ለመሆኑ ኩታበር ዘመድ አለዎት እንዴ? እኔ ተጠራጣሪ ሰው አይደለሁም፤ ሰው ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ የሌላውን ሱሪ ልኬት ሲጠይቀኝ ግን ለምን ማለቴ አይቀርም።

ሁለተኛ፣ በዚያው ደብዳቤ የአባላችንን የአለኸኝን ጉዳይ ጠቅሰው «ቡድኑ የአካባቢውን ሕዝብ ለድንጋጤ የዳረገ መሆኑ ታውቋል» ብለዋል። እውነት ነው፤ ደርሷል። አለኸኝ ሦስት ቀን ከጠፋ በኋላ ሀጀራና ጀብሪል በአንቀጽ 9 መሠረት ድፎ ዳቦ ተሸክመው ሄዱ። ጀብሪል ሲፈጥረው ፊቱ የማይፈታ ልጅ ነው፤ ሀጀራም ዕለቱን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር። የአለኸኝ እናት ሁለት ሰው በማለዳ በራቸው ላይ ቆሞ አንገቱን ደፍቶ ሲያዩ መርዶ የመጣባቸው መስሏቸው «ልጄን!» ብለው ጮኹ፤ ጎረቤቱም ከጎረቤት ጎረቤቱ ጋር ግልብጥ ብሎ ወጣ። አለኸኝ እዚያው ጓሮ ግማሽ ፂሙን ተላጭቶ፣ በግማሽ ፊቱ ሳሙና ይዞ ሲመጣ የሚያለቅሱለትን ሰዎች አይቶ ራሱም ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ለካ ሊያገባ ነው! እጮኛው ናት ጨዋታውን ያስተወችው። ቢሆንም ከእፍረቱ የተነሣ አንድ ወር ሙሉ ድንጋይ አኑሮልናል። ክቡርነትዎ ደብዳቤው ላይ ዳቦውን የበሉት ጎረቤቶች መሆናቸውን ሳይጠቅሱ ስለቀሩ፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው ብዬ ተቀብየዋለሁ።

ሦስተኛው ጉዳይ ስለሰዎቼ ነው። ለስድስት ወራት እያንዳንዱ አባል ከመጥፋቱ በፊት በነበረው ሳምንት ከቢሮዎ ሲወጣ ታይቷል። ሱቄ በርዎ ፊት ለፊት ነውና አልሰለልኩም፤ መርፌዬን ቀና ባደረግሁ ቁጥር ዓይኔ ላይ እየመጡ ነው። ምስክር የሚባለው ልጅ ገባ፣ ወጣ፣ ጠፋ። ከአጅባር እየተመላለሱ ይጫወቱልን የነበሩት ሁለቱ ልጆች ገቡ፣ ወጡ፣ ጠፉ። ሁዜይፋ ደግሞ የግንቡን ደቡብ ማዕዘን ብቻውን ያቆመ ልጅ ነው፤ ከቢሮዎ በወጣ በሦስተኛው ቀን አንድ ቃል ሳይተነፍስ ቡድኑን ለቀቀ። ሌላ ቡድን አቋቁመው ልጆቼን የሚያስኮበልሉ መሰለኝና ለሀጀራ እንዲያ ብዬ ማልኩላት። እሷ ግን ወላሂ ዝም ብዬ አላምንም ብላ ደሴ ድረስ ለሁዜይፋ ደወለች። ለካስ የሄደው የድጋፍ ደብዳቤ ሊያጽፍ ነው! ደሴ ሥራ አግኝቶ፣ ሊነግረኝ አፍሮ ነው። ሌሎቹም እንዲሁ፤ ለዩኒቨርሲቲ፣ ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት። እርስዎ ደብዳቤ ይጽፉላቸዋል፤ እኔ ስማቸውን ከዝርዝር እሰርዛለሁ። በዚህ ረገድ ያለ ጥፋትዎ አምቼዎታለሁና ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሰው ሲያድግ መሄዱ አይቀርም፤ ማንንም በዳቦ አስሬ ላስቀር አልችልም፤ ይህን ለመረዳት አራት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አሁንም ደስ አይለኝም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እንግዲህ የአርባ ሦስቱን ሎሚ ስድስታችን ተሸክመን ለምን እንደምንንገዳገድ ሊጠይቁኝ ይችላሉ። መልሴ ፈርሂያ ናት። ፈርሂያ ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች፤ አሁን ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች፤ ስልኳ የሚሰጣት ዓርብ ዓርብ ለግማሽ ሰዓት ነው። በዚያች ግማሽ ሰዓት ለእናቷ ከደወለች በኋላ በምትተርፋት ደቂቃ ለእኔ አንድ ነገር ብቻ ትጽፋለች፦ «የቲሜ፣ ድንጋዬ አለ?» እኔም «አለ» እላታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር ተጻጽፈን አናውቅም። ክቡር ሆይ፣ ኅዳር 27 ግንቡ ከፈረሰ በቀጣዩ ዓርብ ምን ብዬ እንደምመልስላት እርስዎ፣ ደብዳቤ መጻፍ የሚያውቁ ሰው፣ ቢያረቅቁልኝ ውለታዎን አልረሳም። እኔ አልቻልኩም፤ ስሞክረው አለቀስኩ።

አራተኛና ዋነኛው ምስጋናዬ «መንገደኛው» የሚባለውን ተጫዋች ይመለከታል። ባለፈው ሰኔ ስሙን ሳይናገር፣ ፎቶውን ሳያሳይ ቡድናችንን ተቀላቀለ። ይቺ ጠጋ ጠጋ ዕቃ ለማንሳት ናት ብዬ በመጀመሪያ የኩታበር ሰላይ ነው አልኩ። ነገር ግን ድንጋይ ያኖራል እንጂ አያነሣም። ሌሎቹ አንድ አንድ እያሉ ሲሄዱ እሱ አልሄደም። ከኅዳር መግቢያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰባት ሆነን የቆምነው በእሱ ነው። እርስዎ ግን «ስም፣ መታወቂያና ፊርማ የሌለው አባል አይቆጠርም» ስላሉን፣ ይህ ደግ ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ ግድ ሆነብኝ።

ያስተዋልኩትን በትሕትና ላቅርብ። መንገደኛው ድንጋይ የሚያኖረው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፤ ስድስት ተኩል ሲሆን ለምሳ ይወጣል፤ ሰባት ተኩል ይመለሳል፤ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ጥፍት ይላል። የመንግሥትን የሥራ ሰዓት እንዲህ አክብሮ የሚጫወት ሰው በዘመኔ አላየሁም። በጥቅምት ወር እርስዎ ደሴ ለሥልጠና አምስት ቀን ሲቆዩ እሱም አምስት ቀን ጠፋ፤ አንቀጽ 9ን እንዳናስፈጽም ቤቱን አናውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሮዎ ተቆልፎ ይውላል፤ ቁልፉ ግን ከውስጥ ነው። ሁዜይፋ በለቀቀ ዕለት ሁላችንም በቡድናችን ላይ ሐዘናችንን ስንጽፍ፣ መንገደኛው ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ብዕሩን አንሥቶ «ጉዳዩ በእጅጉ አሳስቦናል፤ ከሰላምታ ጋር» ብሎ ጻፈ። አቶ ምናለ፣ በሞቴ፣ በጨዋታ ላይ «ከሰላምታ ጋር» የሚል ማን ነው?

ካፖርትዎንም አንርሳው። መስከረም ላይ በግራ በኩል፣ በውስጥ፣ «ለመታወቂያ» የሚሆን ኪስ እንዳወጣልዎት አዝዘውኝ ነበር። ልኬቱ የስልክ ነበር፤ ድርብ ገበር ይሁንልኝም ብለዋል። መታወቂያ ይጮኻል እንዴ ብዬ ያን ጊዜ አለመጠየቄ የሙያ ጨዋነቴ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ታዲያ፣ ስድስት ናችሁና ልቀቁ ብለው ደብዳቤውን ቆመው ሲያነቡልን፣ ሀጀራ በጠረጴዛው ሥር የቡድኑን መለከት ነፋች። መለከቱ ግንቡ ሲጠቃ በአባላት ሁሉ ስልክ ላይ ባንድ ጊዜ የሚጮህ ነው። ስድስቱ ስልኮቻችን ጠረጴዛው ላይ ጮኹ። ሰባተኛው ከካፖርትዎ በግራ በኩል፣ ከውስጥ ጮኸ። ያን ጊዜ ነው ሳሉ የያዘዎት። መለከቱ እስኪያበቃ ሳሉ፤ መለከቱ ሲያበቃ ተሻለዎት፤ ንባብዎንም ካቆሙበት መስመር ቀጠሉ። ገበሩን አሳስቼ በመስፋቴ ሙያዬን አሰድቤያለሁና ያለ ክፍያ አስተካክልልዎታለሁ።

እንደ እውነቱ ከሆነ ስለመጫወትዎ አልተቆጣሁም። የተቆጣሁት ስድስት ናችሁ ብሎ የፈረመው እጅ ሰባተኛውን ድንጋይ ያኖረው እጅ ስለሆነ ነው። ከበላይ «ባነሩን አንድ ቦታ አስገባ» ተብለው ይሆናል፤ የትልቅ ሰው ጨዋታ ነውር ሆኖብዎትም ይሆናል። እኛ ግን በስድስት ወር ውስጥ ሠላሳ ሰባት ሰው ሲሄድብን አንድ ሰው ብቻ መጣልን፤ እሱም እርስዎ ነዎት። ምነው ታዲያ ከእኛ ጋር መቆጠር ይህን ያህል አሳፈረዎት?

ስለሆነም የአባልነት ቅጹን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። እኔ፣ ሀጀራ፣ ጀብሪል፣ ብዙአየሁ፣ ካሳና ውበቱ ፈርመናል፤ ሰባተኛው መስመር ባዶ ነው። እስከ ሐሙስ ኅዳር 25 ከፈረሙበት፣ በራስዎ ደንብ ሰባት ሆነናልና የራስዎን ደብዳቤ በራስዎ ደብዳቤ ይሽሩታል። ከስምንቱም ወንበር ሰባተኛውን ጠርገን እናቆይልዎታለን፤ በቁልፍ ተዘግተው የሚጫወቱበት ቢሮ ብርድ ሳይሆንብዎት አይቀርም።

የሥራ ሰዓትዎን አክባሪ፣ የሳልዎ ጠያቂ፣ የኪስዎ ሰፊ፣ እንዲሁም በግንቡ ላይ ከእርስዎ ድንጋይ ቀጥሎ ስሟ የተጻፈው
የትምወርቅ አሻግሬ
ዓርብ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ከማክሰኞው ስብሰባ ወዲህ መንገደኛው ድንጋይ አላኖረም፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አሁን ቤቱን ስለምናውቅ፣ አንቀጽ 9 እሑድ ኅዳር 21፣ በጽዮን ማርያም ዕለት፣ ዘመድ አዝማድዎ ተሰብስቦ ሳለ ይፈጸማል፤ ዳቦው ተቦክቷል፤ ጀብሪልም ፊቱን እንደቋጠረ ነው። ወይዘሮ ሸጋዬ በር ላይ አይተዋቸው እንዳይጮኹ ቀድመው ይንገሯቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሮ የሚያውልዎት የትኛው አጣዳፊ ሥራ እንደሆነም አብረው ቢነግሯቸው መልካም ነው፤ ሀጀራ ስትጠየቅ መዋሸት አትችልም።