ሦስት ጊዜ ከፍ ስላለው ቀይ መስመር

ለተከበሩ የግድቡ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ኮረብታው ላይ ባለው ደረቅ ቢሮዎና ከዚያም ከፍ ብሎ በተሠራው ይበልጥ ደረቅ መኖሪያዎ ውስጥ ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከግድቡ ሥር ያለነው ትንሽ ከመርጠባችን በቀር ደህና ነን።

እኔ የጽሕፈት ቤትዎ ቀለም ቀቢ ነኝ። በማታ ትምህርት በስምንት ወር ፊደል ለይቼ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቻለሁ፤ ባለቤቴ ሁለተኛ ናት፣ እሷ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው ትላለች። ደብዳቤውን ያለማንም እርዳታ ስለጻፍኩ የእጅ ጽሑፌን ሳያደንቁ እንዳያልፉ በትሕትና እየጠየቅሁ፣ ቅሬታዬን አቀርባለሁ።

፩. ግድቡ ስልሳ ዓመት ስለሞላው እንኳን ደስ አለዎት። አባቴ ድንጋይ እያቀበለ ሲሠራ የሰማው አርባ ዓመት እንደሚያገለግል ነበርና፣ ትርፉን ሃያ ዓመት በእርስዎ ቸርነት እንደኖርን ቆጥረን እናመሰግናለን። የውሃ ማፍሰሻው በር ዝጎ ከተጣበቀ ዘጠኝ ክረምት አልፏል፤ ዘበኛው ግን ቁልፉን በየዓመቱ በፊርማ ያስረክባል።

፪. ውሃው በግንቡ ላይ ያለውን ቀይ መስመር በነካ ቁጥር ከቢሮዎ ትእዛዝ እየወረደልኝ፣ አሮጌውን በግራጫ ቀለም አጥፍቼ አዲሱን አንድ ክንድ ከፍ አድርጌ ቀብቻለሁ። ሦስት ጊዜ። እንደኔ መስመር የሚያቀና ቀቢ የለም፤ ከሥሩ ያለውንም ጽሑፍ እንደ ሥዕል እየገለበጥሁ አብሬ ከፍ አድርጌዋለሁ። ባለፈው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብሁት፦ «ውሃው እዚህ ሲደርስ ከግድቡ በታች ያለ ሰው ሁሉ ይውጣ» ይላል።

፫. ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ከግንቡ አርባ እርምጃ ላይ ትኖራለች፤ ጉልበቷ ግን ከአልጋዋ እስከ ደጃፏ እንኳ አያደርሳትም። ክረምት በመጣ ቁጥር «መስመሩን አለፈ እንዴ?» ስትለኝ «ኧረ ገና ነው እትዬ» እላት ነበር። አሁን ተሸክሜ ላውጣሽ ብላት እምቢ አለች። መስመሩን ከፍ ያደረግሁት እኔው ነኝ ብዬ ብምልላትም፣ «አንተ መቼም ቀልድ አታጣ!» ብላ ሆዷን ይዛ ሣቀች። ዕድሜ ልኬን ቀልጄ ቀልጄ፣ እውነት የተናገርሁ ዕለት የሚያምነኝ አጣሁ። እሷ የምታምነው ማኅተም ነው። ስለዚህ መስመሩ ከቀድሞ ቦታው ከፍ መደረጉን የሚገልጽ አንድ ማኅተም ያለበት ወረቀት እንዲሰጠኝ ሦስት ጊዜ አመልክቼ፣ ሦስት ጊዜ ነገ ና ተብያለሁ። ነገ የሚባል ቀን ስላስቀመጡልን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መስመርዎን በታማኝነት ያቀናሁ፣ ከእግርዎ ሥር የምገኝ (ማጋነኔ አይደለም፣ ከቢሮዎ መስኮት ጣሪያዬ ይታያል)፣
ማንበብ የቻለው ቀቢዎ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ማኅተም ያለበት ወረቀት ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። መስመሩ እንደገና አንድ ክንድ ከፍ እንዲል ያዛል፤ ከመስመሩ በላይ የቀረው ግንብ ግን ግማሽ ክንድ ብቻ ነው። ለእህቴ አነበብሁላት። ማኅተሙን በጣቷ ዳሰሰችና «አየህ፣ ገና አንድ ክንድ አለን» አለችኝ።