ወደ ተራራው የሄደው ጭስ

ጥቅምት ፱
ዛሬ ጠዋት ሱቅ ውስጥ፦ ጨው ይበቃል። ሳሙና አንድ ካርቶን። ክብሪት እያለቀ ነው። ባትሪ የለም፤ በዛሬው አውሮፕላን ይመጣል ተብሏል።

ልረከብ ወደ አውሮፕላን ሜዳው ወረድኩ። ሰማዩ በተራራው በኩል ጠቁሯል። ነፋሱም ከዚያው ነው፤ ከኋላዬ እየገፋ ሻሼን ፊቴ ላይ ያመጣዋል። አውሮፕላኑ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ... ከዚያ ከላይ፣ ከተራራው በኩል መጣ። ሁልጊዜ ከታች ነበር የሚመጣው። ጭቃው ላይ ተንሸራትቶ ሜዳውን ጨረሰና አፍንጫውን ቦይ ውስጥ ቀበረ። የሞተ የለም፤ አልሐምዱሊላህ። የአንዲት መንገደኛ እግር ተሰብሯል፣ አብራሪው ግንባሩ ተፈንክቷል።

ሰው ሁሉ እዬዬ ይላል። እኔ ግን... ለምን ከላይ?

ጥቅምት ፲
የሜዳውን ጠባቂ ደርበውን አሰሩት። ሥራው ከብት ማባረርና አውሮፕላን ሲመጣ እሳት ማጨስ ነው። አብራሪው ጭሱን አይቶ ነፋሱን ያውቃል፤ ነፋሱን ፊት ለፊት አድርጎ ይወርዳል። "ያየሁት ጭስ ወደ ተራራው ይሄድ ነበር" ብሏል አብራሪው። እንግዲህ ደርበው ሆን ብሎ ያለ ቦታው አጭሷል፣ ፀረ አብዮት ነው ተባለ።

ሚስቱ አልጣሽ መጣች። "እትዬ ጀውሀራ፣ እንጨቱ በዝናብ ርሶ አልነድ አለው እኮ! እፍ ሲል፣ እፍ ሲል አውሮፕላኑ ደረሰ።"
"ለቀበሌው ሊቀ መንበር ነገርሽው?"
"ነገርኩት። 'ታዲያ ጭሱን ሰይጣን አጨሰው?' አለኝ።"

ጥያቄውስ ጥሩ ነው። ማን አጨሰው? መርማሪዎች ሲመጡ ደርበውን ወደ ወልድያ ይወስዱታል አሉ። በዚህ ስም ተወስዶ የተመለሰ አላየሁም።

ጥቅምት ፲፪
ከሜዳው ታችኛው ጫፍ ጉብታ አለ፤ ከጉብታው በታች ገብስ። ዳር ዳሩን አመድ አገኘሁ። ግማሹ ያልተቃጠለ እርጥብ ጭድ... የበረዶ ጭስ! ሰማይ ሲጠቁር በረዶው አዝመራውን ትቶ እንዲያልፍ ያጨሳሉ። እንዴት ቶሎ አልመጣልኝም?

ነፋሱስ? ጉብታው አናት ላይ ሻሼ ወደ ታች ይውለበለባል። ወደ ገብሱ ዳር ወረድኩና እፍኝ ጭድ ለኮስኩ። ጭሱ ተነሣ፣ ተጠማዘዘ፣ ወደ ተራራው ተመለሰ! ደግሜ ለኮስኩ። ያው። የወንዝ ውሃ ከድንጋይ ኋላ እንደሚዞረው መሆን አለበት። ብቻዬን ሳቅሁ።

"ገብሴን ልታቃጥይው ነው?" ባለ ማሳው፣ አያ አረጋ ናቸው። ነገርኳቸው።
"በረዶ ስንመልስ አውሮፕላን ጣልን በይኛ!" ሳቁ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። "ደርበው በኔ ጭስ ነው የታሰረ?"
"አዎ፣ አያ።"
"ብናገር እኔን ያስሩኛላ።"
አያስሩዎትም ልል አልቻልኩም። ቀጥሎ ያለው ማሳ የማን እንደሆነ ጠየቅሁ።
"የሊቀ መንበሩ። ሚስቱ ከኔ ቀድማ ነው ያጨሰችው።"
እህ...

ጥቅምት ፲፫
ሊቀ መንበሩን ቢሮው ብቻውን አገኘሁት።
"ጓድ፣ የበረዶ ጭስ ፀረ አብዮት ነው?"
"ማን ነው ያጨሰ?"
"ገብስ ያለው ሁሉ። በእርስዎም ማሳ ዳር አመድ አለ።"
እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "አንቺ ሴት፣ የምትሸጪው ጨው ብቻ አይደለም።"
"ባትሪም ነበረኝ። ቦይ ገባ።"
ሳይወድ ሳቀ።

ከሰዓት አብራሪውን ይዘን ወረድን፣ ግንባሩ በፋሻ እንደታሰረ። ለኮስኩ። ጭሱ እስኪጠፋ አየው። "እስቲ እንደገና" አለኝ። እንደኔው ነው ሰውየው።

ጥቅምት ፲፬
መርማሪዎቹ ነገ ይገባሉ። የሚስቴ ስም አይነሣ ብሏል ሊቀ መንበሩ፤ እኔም እሺ ብያለሁ። ያጨሰ ሰው ግን በራሱ አፍ ካልተናገረ ደርበው አይፈታም። የተናገረውም ያለ ዋስ ወደ ቤቱ አይመለስም።

ማታ አያ አረጋ ራሳቸው መጡ። "ገብሴ ተርፏል" አሉ። "ሰውየውም ይትረፍ።" ዋስ አለዎት ወይ ብላቸው "ማን አለኝ?" አሉ።

ለሰው ዋስ ሆኜ አላውቅም። ቢጠፉ? አይጠፉም... ገብሳቸው ገና አልታጨደም።

ነገ፦ ቅዳሜ ገበያ። ሱቅ ዝግ። ጠዋት ከአያ አረጋ ጋር ፖሊስ ጣቢያ፣ ለዋስነት።