ቀዩ ስፌት ስለ ድንጋዩ አይናገርም

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ ከዙሁር በኋላ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ የጭድ ተራ መንገድ ጎርፍ ሆኗል። ቤት ውስጥ ያለነው እኔ፣ ልጄ ሪሃናና ዝናብ ያስጠለለው የሥራ ባልደረባዬ አናጢው ከተማ ነን።

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሰላሁዲን፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ እንዴት ሆነልህ? አሁንም ጎንበስ ስትል ይይዝሃል ወይስ የባቲ ሙቀት አላላልህ? እማ እንዴት ናት? ዓይኗ እንደ ባለፈው ጥላ ጥላውን ያያል ወይስ እሱም ቀረ? ባለቤትህ ማሂራስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ ግን ጤናችንን ነው። ልቤ ደብዳቤህ ከደረሰኝ ከእሑድ ወዲህ አንድ ቦታ አልተቀመጠም። ተነሥቼ እቆማለሁ፣ ቆሜ እቀመጣለሁ፤ ሪሃና እንኳ እማዬ የጠፋብሽ ነገር አለ እንዴ ብላኛለች።

ሾፌሩ ጃፋር ደብዳቤህን ሲሰጠኝ ገና ሳልከፍተው ስሜው ነበር። የወፍጮውን ድርሻ ሸጠህ የፑል ጠረጴዛ ልትገዛ እንደሆነ፣ ግማሹን ቀብድ እንደከፈልክ፣ በአስፋልቱ ዳር ክፍል ተከራይተህ ሾፌሮቹ የሚያርፉበት ፑል ቤት እንደምትከፍት አነበብኩ። ለአንድ ቀን አዲስ አበባ መጥተህ ሳታየኝ መመለስህንም አነበብኩ። ዓርብ ጠረጴዛውን ስጭን በድንገት መጥቼ ላስደንግጥሽ ብዬ ነበር፣ ሳልነግርሽ ግን አላስቻለኝም ብለሃል። አስደንግጠኸኛል ወንድሜ።

ከዚህ ደብዳቤ ሌላውን ሁሉ ባታነብ ይችን አንብብ፤ ቀሪውን ገንዘብ እንዳትከፍል። ዓርብ ስትመጣ የጭነት መኪና ይዘህ አትምጣ።

ምክንያቱን ልንገርህ። በደብዳቤህ ላይ ምን ምን ልፈትሽ ብለህ ጠይቀኸኝ፣ ወረድ ብለህ ደግሞ ራስህ መልሰኸዋል። «ደላላው ይህ የሰዓደት እጅ ነው አለኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ እጄን ከጠርዙ ሥር ሳስገባ ሦስቱን ቀይ ስፌቶችሽን አገኘኋቸው። ከዚያ በኋላ ምን እፈትሻለሁ?» ብለሃል። እማ ወንዝ ወርደን ልብስ ስናጥብ ከጎረቤት እንዳይቀያየርብን በየጨርቁ ጫፍ ሦስት ቀይ ስፌት ጣል ታደርግ አልነበር? እኔም በሠራሁት ሁሉ ላይ ያንኑ ስፌት አደርጋለሁ፤ ማንም የማያየው ቦታ። አንተ ግን ታውቀዋለህ። ያንን አይተህ ታላቅ እህቴ የሠራችው ዕቃ አይዋሽም ብለህ አመንክ። ሰላሁዲን፣ ቀዩ ስፌት የሚናገረው ስለ ጨርቁ ብቻ ነው። ስለ ድንጋዩ አይናገርም።

የፑል ጠረጴዛ ሲያዩት እንጨትና ጨርቅ ይመስላል እንጂ ነፍሱ ከጨርቁ ሥር ያለው ድንጋይ ነው። እማ ገበያ ወርዳ እንስራ ስትገዛ አስታውስ። ቀለሙን አታይም፤ በጣቷ አጥንት ቆርቆር አድርጋ ጆሮዋን ትሰጣለች። ደህናው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድፍን ይላል። የጠረጴዛው ድንጋይም እንዲሁ ነው። በሳንቲም ስንዝር በስንዝር እየቆረቆርክ ከዳር እስከ ዳር ሂድ። ድምፁ አንድ ቦታ ላይ ከወረደ ቁም።

ኳሱን በኃይል አትምታው። ደላሎች የኳስ መምቻውን ዱላ፣ ስቴካውን፣ ያቀብሉህና እስቲ ሞክረው ይሉሃል፤ በኃይል የተመታ ኳስ ጎድጓዳውንም ዘሎ ያልፋል። በእጅህ ቀስ ብለህ ልቀቀው። ሊቆም ሲል ወዴት እንደሚያዘነብል እይ፤ ሲደክመው ነው እውነቱን የሚናገረው። የግንበኛ ውኃ ልክም አስቀምጥበት፤ ግን አንድ ጊዜ አስቀምጠህ አትመን፣ በቁመቱም በወርዱም አዙረው። ሱቅ ውስጥ ከእግሩ ሥር ሽብልቅ አስገብተው ያስተካክሉታልና ጎንበስ ብለህ እግሮቹን እይ። እዚያው ጎንበስ እንዳልክ ቨርኒሹን ተወውና ከሆዱ በኩል ያለውን እንጨት ተመልከት። የነቀዝ ዱቄት ካለ፣ የአሮጌው ቡሎን ቀዳዳ ባዶውን ተቀምጦ አጠገቡ አዲስ ከተበሳ፣ ያ እንጨት አልያዝ ብሎ ነው። ወገብህ ካልፈቀደልህ ሰው አስጎንብስ እንጂ አትለፈው።

በጠርዙ ዙሪያ ያለውን ላስቲክ በአውራ ጣትህ ጫነው። የድሮ ላስቲክ ይደርቅና እንጨት ይሆናል፤ ኳሱ ሲመታው ደንገጥ ብሎ እዚያው ይቀራል። ከጨርቁም አንድ ክር ስበህ ለኩሰው። የፀጉር ሽታ ከሸተተ ሱፍ ነው፤ ቀልጦ ከተንጠባጠበ ናይለን ነውና ዓመት አያልፍም። ክፍልህንም ለካ። ጠረጴዛው ገባ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ስቴካ የያዘ ሰው በአራቱም በኩል ክርኑን ግድግዳ ሳይነካው ወደ ኋላ መሳብ አለበት።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን አንድ ነገር መጠየቅ ነው፤ ጨርቁን በአንድ ጎን ግለጡልኝና ድንጋዩን ልየው በል። ጤነኛ ድንጋይ ያለው ሻጭ ያጉረመርማል እንጂ እምቢ አይልም። እምቢ ካለህ መርቀኸው ውጣ።

ይህን ሁሉ ከየት አወቅሽው ብትለኝ፣ ያስተማረኝ የለም። አንተ ትምህርት ቤት ስትሄድ እኔ ፊደል የለየሁት ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ እንደነበር ታውቃለህ። ሙያውንም እንደዚያው ከቁርጥራጭ ጨርቅ ነው የለቀምኩት። ባለቤቴ አላህ ይማረውና የሞተ ጊዜ ሥራ የሰጠኝ ጋሼ ወርቁ ነው። አንተ ቀብድ የከፈልክበት የሶማሌ ተራ ሱቅ የሱ ነው። አሮጌ ጠረጴዛ ገዝቶ ያሳድሳል፤ ከተማ እንጨቱን ያቃናል፣ እኔ ጨርቁን እወጥራለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንጀራዬን የበላሁት ከእጁ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሪሃና ታማ የተኛች ጊዜ ሦስት ቀን ሆስፒታል በር ላይ ቆሟል። ለዚህ ነው ይህን መጻፍ የከበደኝ።

ያንተ ጠረጴዛ በመጋቢት ነው የመጣው፤ ከአንድ ከተዘጋ የድሮ ክበብ። እግሩ እንደ ምሰሶ የወፈረ፣ ጎኑ ላይ አበባ የተፈለፈለበት፣ ዛሬ ማንም የማይሠራው እንጨት ነው። ድንጋዩ ጎን ለጎን የተገጠመ ሦስት ገበታ ነው። ተሸካሚዎቹ ከመኪና ሲያወርዱ መካከለኛው አመለጣቸውና ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ከተማ ከሥሩ ጣውላ በኮላ ለጠፈበት፣ ስንጥቁን በስቱኮ ሞላው፣ መጋጠሚያዎቹን በሰም ደፍኖ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ጋሼ ወርቁም አንቺ ጨርቁን አስውቢልኝ፣ ድንጋዩን ለኔ ተይው አለኝ። ዝም አልኩ። ልጅ ሳለን ሰዓደት አፏን ራሷ ሰፍታዋለች እያልክ ትስቅብኝ አልነበር? ዝም ብዬ ወጠርኩ፣ ሦስቱን ቀይ ስፌት አሳረፍኩ፣ ቤቴ ገባሁ።

እዚህ ሱቅ ውስጥ ሲሞክሩት አይታወቅም። የባቲን መንገድ አንተ ከኔ የበለጠ ታውቀዋለህ፤ መንገጫገጩ ስቱኮውን ጉዞው ላይ ያፈርሰዋል። ያ ቢተርፍ ሙቀቱ ሰሙን ያላላዋል። ሁለት ወር ሳይሞላ ኳሱ ሁሉ ወደ መካከል ይሰበሰባል፤ ሾፌሮቹም አንድ ቀን ይሳደባሉ፣ በሁለተኛው ቀን ሌላ ቤት ይሄዳሉ። ወፍጮው የእማ ጉርሻ ነበር ሰላሁዲን። በወፍጮው ፈንታ የተሰነጠቀ ድንጋይ አስገብቼላት በምን ዓይኔ አያታለሁ?

ሰኞ ቴሌ ሄጄ ተሰልፌ ነበር፤ የባቲ መስመር አልገባ አለኝ። ቢገባስ ይህ ነገር በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ተጮኾ ይነገራል?

አሁን ይህን ስጽፍ ከተማ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ምን ሆነሽ ነው ቀለም የምትጨርሺ ሲለኝ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። እትዬ ሰዓደት፣ መርካቶ ውስጥ ያልተሰነጠቀ ምን አለ፣ ጋሼ ወርቁ ከሰማ ሁለታችንንም ከጭዱ ጋር አስሮ ይሸጠናል አለ። ገዢው ወንድሜ ነው ስለው ብርጭቆውን አስቀመጠ። ወንድምሽ ባይሆንስ ኖሮ አለኝ።  ገና ዝናቡ ሳያባራ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

ሰላምታዬን እዚህ ላይ ልጻፍ፤ ነገ ጃፋር እኩለ ቀን ሳይሞላ ይነሣል። እማን ሁለቱንም ጉልበቷን ሳሚልኝ በላት ለማሂራ፤ ዱዓዋ አይለየኝ። ለማሂራ ለራሷም ሰላም በልልኝ፤ የላከችው በርበሬ ደርሶኛል፣ እጇ ይባረክ። ኢምራን ሒሳብ አንደኛ መውጣቱን ሰምቻለሁ፤ አክስትህ ኮራችብህ በለው። ፈርሀትን ጉንጯን ሳምልኝ። ሪሃና አጎቴን ሰላም በይልኝ ብላለች። ተቆጥተህብኝ ከሆነም ዓርብ መጥተህ ፊት ለፊት ተቆጣኝ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 10። ዝናብ የለም፤ ሰማዩ ግን ከብዷል።

ደብዳቤውን ሳላሽገው አደርኩ። ሱብሒ ሰግጄ መቀሴን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ሱቁ ገና መከፈቱ ነበር። ጋሼ ወርቁ፣ ደላላው፣ ከተማና ከጎን ያለው የአንሶላ ነጋዴ ጋሼ ጠሀ በር ላይ ቆመው ነበር። ጋሼ ወርቁን ለብቻው ጠርቼ ገዢው ወንድሜ ነው፣ የእናቴን ወፍጮ ሸጦ ነው አልኩት። ደነገጠ። አላወቅሁም ሰዓደት፣ አንቺ በምታምኝበት በአላህ ልማልልሽ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ፊቱ በራና መላ ነገረኝ። የወንድምሽን ቀብድ እመልሳለሁ፣ ይህን ጠረጴዛ ቀድሞ ለጠየቀኝ ለሻሸመኔው ሰውዬ እሰጠዋለሁ፣ ቅዳሜ ይጭናል፣ አንቺም ዝም አልሽ እኔም ዝም አልኩ አለ። የሠራ እጅ በሠራው ዕቃ ላይ አይናገርም፣ የኛ የመርካቶ ወግ ይህ ነው አለ።

እውነቱን ልንገርህ፤ እሺ ልለው አፌ ተከፍቶ ነበር። ቀና ስል ከተማ እያየኝ ነው።

ጋሼ፣ የሻሸመኔውም ሰው ድንጋዩን ይየው አልኩ።  ተንበረከክሁ። ከጠርዙ ሥር ሦስቱን ቀይ ስፌቶች ቆረጥኩ። በስተግራ በኩል ያለውን ስፌት እስከ ጫፉ ተረተርኩ፤ ከተማ ሳልጠይቀው መጥቶ የጎኑን ቡሎኖች ፈታልኝና ላስቲኩ የተለጠፈበትን እንጨት አነሣው። ጨርቁን እንደ መስገጃ እየጠቀለልኩ እስከ መካከል አደረስኩት። ከኪሴ ሳንቲም አውጥቼ አንዱን ገበታ ቆረቆርኩ፤ ጮኸ። መካከለኛውን ቆረቆርኩ። ጋሼ ጠሀ ከበር ላይ ሆኖ ያ ረቢ፣ ይህ የሞተ ነው አለ። ደላላው ቀስ ብሎ ወጣ።

ጋሼ ወርቁ፣ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቃል ሳይወጣሽ ዛሬ በመቀስ ተናገርሽ አለኝ። ቀጥሎም ወደ ጋሼ ጠሀ ዞሮ፣ ቀብዱን ዓርብ እመልሳለሁ፣ አንተ ምስክር ነህ አለው። ለኔ ሂጂም ነይም አላለኝም። መቀሴን በነጠላዬ መልሼ ጠቅልዬ ወጣሁ።

አሁን ጃፋር ሞተሩን አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው። በወረቀት ጠቅልዬ የላክሁልህ ነጭ ነገር ከስንጥቁ በጥፍሬ የፈለፈልኩት ስቱኮ ነው፤ በጣትህ ጫነው፣ የቀረውን እሱ ይነግርሃል። ሦስቱን ቀይ ክሮች ግን ለእማ ስጥልኝ። ዓይኗ ባያያቸውም እጇ ያውቃቸዋል።

እህትህ ሰዓደት
መርካቶ፣ ጭድ ተራ፣ አዲስ አበባ
ሐምሌ 10 ቀን 1994 ዓ.ም.