ኢዛና፣ መርዌና የእኔ ሰባተኛ ክፍል

ሰኞ

ሐናን ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። በሩን አልዘጋችውም። አቧራው ተከትሎ ገባ፤ እኔ ጠመኔ እንደያዝኩ ቀረሁ።

ከመጀመሪያው ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት አይወጣልኝም። የዛሬው ትምህርት የጥንት ሥልጣኔዎችና የሃይማኖቶች አነሳስ ነበር። ግብፅን ባለፈው ሳምንት ጨርሰናል። ዛሬ መርዌና አክሱም። ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት፤ ከመጽሐፉ ሁሉ ይሄ ምዕራፍ የእኛ ነው። ከአክሱም ወገን መጥተን በመርዌ አገር የምንኖር ሰዎች ነን። ሰሌዳው ላይ ካርታ ሳልኩ፤ አባይን በሰማያዊ ጠመኔ አወረድኩት። አክሱም እዚህ፣ መርዌ እዚህ፣ እኛ ደግሞ እዚህ፣ ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ያለው የኢትዮጵያውያን ትምህርት ቤት። ልጆቹ ሳቁ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር።

ከዚያ ኢዛና ሳይጠመቅ በፊት ጣዖት ያመልክ እንደነበር ነግሬያቸው፣ መጽሐፉ ላይ ያለችውን አንዲት መስመር አነበብኩ፤ ንጉሥ ኢዛና በመርዌ ምድር ዘምቶ ድል አደረገ። ናትናኤል እጁን እንኳን ሳያወጣ ወደ ሐናን ዞሮ፣ «እኛ ነን እኮ ያቃጠልናችሁ!» አላት። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

የሐናን እናት የወሎ ሰው ናት፤ አባቷ ሱዳናዊ ነው። እዚሁ ነው የተወለደችው። አማርኛዋ ይሰባበራል፤ ስትናደድ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋባታል። «እናንተ... እናንተ ማን?» አለችና ቃሉ አልመጣላት ሲል ወደ ዓረብኛ ገባች። እነሱ በዚያም ሳቁ። ናትናኤል ይባስ ብሎ፣ «ማርከናችሁ ባሪያ አድርገናችኋል» አላት።

ባሪያ። በዚህ ከተማ ይህች ቃል ምን እንደምትሠራ የማያውቅ ልጅ የለም።

ናትናኤልን ወደ ውጭ አወጣሁት። «ታሪክ ነው እኮ ቲቸር! መጽሐፉ ላይ አለ!» አለኝ። መጽሐፉ ላይ ያለው ድሉ ብቻ ነው፤ ማቃጠሉንና ምርኮውን ከሌላ ቦታ ሰምቷል፣ እሱም ግን ውሸት አይደለም። እኔ ግን ጮህኩበት።

ማክሰኞ

ሐናን አልመጣችም።

ዳይሬክተራችን አቶ በዛብህ ገና በጠዋቱ አስጠሩኝ። ደዋዩ በዝቶባቸው ኖሮ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ በአፉ ደፍተውታል።

መጀመሪያ የደወለችው የናትናኤል እናት እታገኝ ናት። «ኢዛና ቅዱስ ንጉሥ ነው። ለልጄ ጣዖት ያመልክ ነበር ብላ አስተምራዋለች» ብላለች። ቀጥሎ አንድ የወሎ አባት ደወለ። «ለክርስትናው ገጽ በገጽ ይወራል፤ ለነጃሺና ለሰሓባዎቹ ስደት ሁለት መስመር? እኛ ታሪክ የለንም?» አለ። በመጨረሻ የሐናን አባት ደወለ። እሱ ብዙም አልተናገረም። ልጄ ከእንግዲህ አትመጣም ብሎ ዘጋ።

የሚያናድደኝ ሦስቱም ሐቅ ያላቸው መሆኑ ነው። ኢዛና ቅዱስ ነው፤ ሳይጠመቅ በፊት ደግሞ ሌላ አምላክ ነበረው። ለነጃሺ ሁለት መስመር ያንሰዋል። ሐናንም ብትቀር አልፈርድባትም። ሦስቱን በአንዲት የትምህርት ክፍለ ጊዜ እንዴት እንደማስታርቃቸው ግን የሚነግረኝ የለም።

አቶ በዛብህ፣ «አንቺ ደግሞ ምን አነካካሽ? ታላቅ ንጉሥ ነበር በይና እለፊ። ቅዳሜ የሮማን ምዕራፍ ጀምሪ» አሉኝ።

«ሮማም እኮ ከተማ አቃጥላለች» አልኳቸው።

አልሳቁም። «ወይንሸት፣ እኛ እዚህ አገር እንግዳ ነን። እንግዳ አፉን ይሰበስባል» አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ትምህርት ቤቱን ክፍት አድርጎ ማቆየት ምን ያህል እንዳስጎነበሳቸው አያለሁ። ግን እኔስ? ኢዛና ያነደደውን እሳት እኔ ነኝ የማጠፋው?

ረቡዕ

የሐናን አባት ዑስማን፣ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር መኪና ጠጋኝ ነው። ከሰዓት ክፍል ስላልነበረኝ ወደ ዋርሻው፣ ወደ ጋራዡ፣ ሄድኩ።

ድልድዩ ላይ ቆመን ቀረን። የተሳፈርኩበት አውቶቡስ፣ ሓፍላው፣ እንደ ምድጃ ይግላል። ከኋላዬ ያሉት ልጆች «ሐበሺያ፣ ሐበሺያ» እያሉ ሲሳሳቁ ሰማሁ። መዞር አላስፈለገኝም፤ ለምጄዋለሁ። ብቻ ዛሬ ከሌላው ቀን ይልቅ መረረኝ።

ዑስማን ሲያየኝ እጁን በጨርቅ ጠራርጎ ወንበር አመጣልኝ፤ ሻይ አዘዘልኝ። እንዲህ ሲያከብረኝ ይሳካል ብዬ ነበር። አልተሳካም።

የተዘጋጀሁበትን ሁሉ ጀመርኩለት፤ ስለ መርዌ ታላቅነት፣ ስለ ብረት ማቅለጫዎቿ፣ ስለ ንግሥቶቿ። እጁን አንስቶ አስቆመኝ። «ኡስታዛ፣ መርዌ ለእኔ ምኔም አይደለችም። የጃሂሊያ ሰዎች ናቸው፤ ድንጋይ ሲያመልኩ የኖሩ። ቢቃጠሉም ተቃጠሉ። ልጄ ግን እያለቀሰች መጣች» አለኝ።

ዓረብኛዬ ለገበያና ለመኖሪያ ፈቃድ ወረፋ እንጂ ለዚህ አይሆንም። ጥፋቱ የእኔ ነው ለማለት ፈልጌ ምን እንዳልኩ እንጃ፤ ሠራተኛው ሳቁን ዋጠ። ዑስማን ግን አልሳቀም። «አማርኛ ትማር ያለችው እናቷ ናት፤ እሺ አልኩ። ባሪያ እንድትባል ግን እሺ አላልኩም። ኻላስ፣ በቃ። እዚሁ ሰፈር ትማራለች» አለ።

ሻዩን ጨርሼ ተነሣሁ። የሓፍላውን ሳንቲም ሊከፍልልኝ ሁሉ ፈለገ። ጨዋ ሰው እምቢ ሲል የሚያዝበት እጀታ የለውም።

ሐሙስ

ከድጃ መጣች፤ የሐናን እናት። አል-ማንሺያ ሰፈር ሰው ቤት ነው የምትሠራው። አሠሪዋ ከእንቅልፍ እስኪነሱ ሾልካ ወጥታ፣ ሻርፗን ገና እያስተካከለች የትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘኋት። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ተቆጥታ ነው የመጣችው።

«እርስዎ የት ነበሩ? ሲስቁባት የት ነበሩ?»

«እዚያው ነበርኩ» አልኳት።

ከዚያ ሐናንን ለምን እዚህ እንዳስገባቻት ነገረችኝ። የከድጃ እናት ወሎ ናቸው፤ ዓረብኛ አያውቁም። በስልክ ሲገናኙ ሐናን «ደህና ነሽ እማማ» ትልና ያልቅባታል። አያት ይጠይቃሉ፣ ከድጃ መሐል ቆማ ወዲያና ወዲህ ትተረጉማለች። «እኔ ከመሐል ብወጣ እኮ ሁለቱ አይተዋወቁም» አለችኝ። «አሁን አሁን ትንሽ ትንሽ ጀምራ ነበር። ባለፈው እናቴን ተረት ንገሪኝ አለቻት። አባቷን ደግሞ መጋፋት አልችልም፤ እርስዎ ያድርጉት።» ሰላም እንኳን ሳትለኝ እየሮጠች ወደ ሪክሻ ገባች።

እኔ ላድርገው! በምኔ?

ወደ ቤት ስመለስ እታገኝ ሻይ በምትሸጥበት ኒም ዛፍ ሥር ማለፌ ግድ ነው። አላመለጥኩም። «ቲቸር፣ ነይማ እዚህ! ስለ ቅዱሱ ንጉሥ ምንድን ነው ያልሽው?» ብላ ደንበኞቿ ፊት ጀመረችኝ። ጽዋዬ ሞልቶ ነበር። «ልጅሽ ያለውን መጀመሪያ ስሚ» አልኳትና ነገርኳት። ቃሉንም አላለሳለስኩላትም።

ማንቆርቆሪያውን ከእሳቱ አወረደችው።

«ባሪያ አላት? የእኔ ልጅ?»

«አዎ።»

«ስንቱ ነው እዚች በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ሐበሺያ እያለ የሚሳለቅብኝ! ይሄን ችዬ የማሳድገው በሰው ልጅ እንዲስቅልኝ ነው?» ደንበኛ ሲጠራት አልሰማችም። «ኢዛና ቅዱስ ነው አልኩሽ እንጂ ልጄ ኢዛና ነው አልኩሽ? ነገ ቤታቸውን ታሳዪኛለሽ።»

እሺ ማለቴ ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። እታገኝ ነገር ስታበርድ አይቼ አላውቅም።

አርብ

እዚህ አገር ዕረፍቱ አርብ ነው፤ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሄድን። እታገኝ፣ እኔ፣ ናትናኤል። ልጁ የቤተ ክርስቲያን ሸሚዙን ለብሷል። መንገዱን ሙሉ እናቱ ለእሱም ለእኔም የሚበቃ ተናገረች።

ዑስማን ግቢው ውስጥ አንገሬብ አልጋ ላይ ጋደም ብሎ ነበር። ሦስታችንን ሲያይ ተነሥቶ ተቀመጠ። ከድጃ ከጓዳ ብቅ ብላ ባለችበት ደረቀች። ከመጋረጃው ሥር የሐናን እግር ብቻ ይታየኛል።

እታገኝ ዓረብኛዋ ሰዋስው የለውም፤ ግን ፈጣን ነው፣ ሰው ይገባዋል። ከመቀመጧ በፊት ጀመረች። እኔ የሰው አገር ሰው ነኝ፣ ስድብ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ልጄ ልጅህን ሰድቧል፣ ይኸው አመጣሁልህ አለችው። ከዚያ ናትናኤልን በትከሻው ወደፊት ገፋችው።

ዑስማን ልጁን ከላይ እስከ ታች አየው።

«መርዌን ያቃጠልካት አንተ ነህ?»

«አይደለሁም» አለ ናትናኤል፤ ድምፁ አይሰማም።

«ታዲያ ማነው?»

«ኢዛና።»

«የት አለ?»

«ሞቷል።»

«መቼ?»

ናትናኤል ወደ እኔ አየ። «ድሮ... ነቢያችሁ እንኳን ሳይወለዱ» አለ።

ዑስማን ለመቆጣት እየሞከረ ሳቁ ቀደመው። ከድጃም አፏን በሻርፗ ያዘች። እታገኝ ብቻ አልሳቀችም። «ይቅርታ በል» አለችው። አለ። ወደ መጋረጃው ዞሮ ደግሞ በአማርኛ አለ። ከመጋረጃው ሥር ያለው እግር ወደ ኋላ ሸሸ።

እኔም ዕድሉን ልጠቀም ብዬ፣ «ነገ ትምጣ?» አልኩት ዑስማንን። «እናያለን፤ ኢንሻአላህ» አለኝ። ኢንሻአላህ ስትባል እሺ ናት፣ እምቢም ናት፤ በአነጋገሩ ነው የሚታወቀው። የዛሬዋን መለየት አቃተኝ። በሓፍላው ላይ እታገኝን ጠየቅኳት፤ «እኔስ ምኑን አውቄ» አለች።

ቅዳሜ

አልመጣችም። ወንበሯን እያየሁ ቆምኩ።

ሮማ መግባት ነበረብኝ። አልገባሁም። መጽሐፉን ዘግቼ ኢዛና ራሱ ድንጋይ ላይ ያስቀረጸውን ነገርኳቸው። «ድል አደረገ» የምትለዋ መስመር የዋጠችውን ሁሉ። የጡቡንም የሣሩንም ቤት እንዳቃጠለ። እህሉን፣ መዳቡንና ብረቱን ሠራዊቱ እንደዘረፈ። የመቅደሳቸውን ምስሎች ሰብረው፣ የእህሉንና የጥጡን ጎተራ ወንዝ ውስጥ እንደጣሉ። በጀልባ የሸሹት በወንዙ እንደሰጠሙ።

«የቱ ወንዝ ቲቸር?» አለች ሳምራዊት።

በመስኮቱ በኩል አሳየኋት። ከዚህ ሆኖ ውኃው አይታይም፤ ግን ሁሉም በዚያ በኩል ምን እንዳለ ያውቃል። ይሄኛው ሰማያዊው አባይና ነጩ ተገናኝተው ወደ መርዌ እንደሚወርዱ ነገርኳቸው። ማንም አልሳቀም።

ንጉሡ በቀድሞ ዘመቻው ማሕረም የሚባለውን አምላክ አመስግኗል፤ በዚህኛው የሰማይን ጌታ። መርዌዎቹስ ማንን ጠሩ ብላ ጠየቀችኝ አሁንም ሳምራዊት። አሞንን፣ የአንበሳ ራስ ያለውን አፔደማክን አልኳት። «አልሰሟቸውም?» አለች። ይሄን ጥያቄ መልስልኝ ብዬ ለማን ልስጠው?

ከዚያ ነጃሺ ጋ ደረስኩ። ከመካ ሸሽተው የመጡትን አሳልፌ አልሰጥም ያለውም የአክሱም ንጉሥ ነው። «ያቃጠለውም ያስጠለለውም የአክሱም ንጉሥ ነው» አልኳቸው። «በአንዱ የምትኮሩ ከሆነ ሌላውንም ተሸከሙ።» ናትናኤል እስከ መጨረሻው ከዴስኩ ቀና አላለም።

ስዞር አቶ በዛብህ በሩ ላይ ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። «ሮማን ነበር ያልኩሽ» አሉና ሄዱ።

ሰኞ

መጥፎውን ላስቀድም። የትምህርት ቤቱ የወላጅ ኮሚቴ ሐሙስ ይጠራኛል። አቶ በዛብህ ሲነግሩኝ ዓይኔን አላዩኝም። ሊያባርሩኝም ይችላሉ፤ መክረው ሊያልፉኝም ይችላሉ። «እኔ የሰማሁትን እናገራለሁ» አሉኝ። ምን እንደሰሙ አልጠየቅኳቸውም። አንዲት ምዕራፍ በቅጡ አስተማርኩ ብዬ ለፍርድ ልቀርብ!

ሐናን ግን መጣች።

አባቷ በፒክአፑ አደረሳት። አልወረደም፤ መሪውን እንደያዘ እጁን ብቻ አነሣልኝና ሄደ። ሐናን ማንንም ሳታይ ገብታ፣ ከድሮ ቦታዋ ርቃ መስኮቱ ጥግ ተቀመጠች። ናትናኤል አንዴ ዞሮ አየና ቶሎ ተመለሰ።

ሮማ ገባን፤ በመጨረሻ። አንባቢ ስፈልግ እጇን አወጣች። እየተደናቀፈች፣ በጣቷ ፊደሉን እየተከተለች ወረደች። ቄሣር የሚለው ላይ ስትደርስ «ቀይሰር» አለች።

«ቄሣር ነው» አለ ናትናኤል፤ አላስቻለውም።

«ቀይሰር ነው!»

«እሱ በዓረብኛ ነው። እዚህ የምንማረው በአማርኛ ነው።»

«ሮማ አማርኛ ነበረ እንዴ? ኡስኩት፣ ዝም በል!»

«አንቺ ኡስኩቲ!»

ሁለቱንም ዝም ማሰኘት ነበረብኝ። ጠመኔ የጠፋብኝ መስዬ፣ ሳቄን እንዳያዩ ጀርባዬን ሰጠኋቸው።